ታሲተስን በመመረቂያ ጽሑፍሽ ልትጠቅሺ ካሰብሽ

ሰላም እኅቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ ሳልመልስልሽ ማደር ከበደኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያሽ ስለ ሮማ መንግሥትና በሥሩ ስላደሩት ሕዝቦች ልትጽፊ እንደሆነ፣ ዋና ምንጭሽም የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እንደሚሆን ነግረሽናል። ከየትኛው መጽሐፉ ልጀምር፣ ላቲን ሳላውቅስ በእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ መሥራት ይቻለኛል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አሁን አንቺ የገባሽበት ሥራ ውስጥ ነበርኩ፤ ርዕሴም ከርዕስሽ እምብዛም አይርቅም። ያ ጽሑፍ አንድ ዓመት ሙሉ አሳጥቶኛል። አንቺ ላይ እንዳይደርስ የማውቀውን በቁጥር እየለየሁ ልንገርሽ፤ ረዘም ቢልም ታገሺኝ።

1ኛ፦ ከ«አግሪኮላ» ጀምሪ። ብዙ ሰው የነገሥታቱን ታሪክ የጻፈበትን «አናልስ»ን ይጠቁምሻል፤ ትልቁ ሥራው እሱ ነውና። እኔም ሰምቼ በእሱ ጀመርኩና ስማቸው የሚመሳሰል ሹማምንትን ስለያይ ሦስት ወር ከረምኩ። «አግሪኮላ» ግን በሁለት ምሽት የሚያልቅ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ታሲተስ እ.ኤ.አ. በ98 የጻፈው ስለ አማቱ፣ ብሪታንያን በአገረ ገዥነት ስላስተዳደረውና ሰሜኑን ድረስ ስለዘመተው ስለ አግሪኮላ ነው። እኔን ያነደደኝ ምዕራፍ ያለውም እዚያ ውስጥ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 83 አካባቢ ነው። በዛሬዋ ስኮትላንድ፣ ግራውፒየስ በሚባል ተራራ ላይ፣ ካልጋኩስ የተባለ የአገሬው አለቃ ከሠላሳ ሺህ ለሚበልጡ ተዋጊዎቹ ይናገራል። ሮማውያን ዘረፋን፣ ግድያንና ቅሚያን በሐሰት ስም መንግሥት ይሉታል፤ አገሩን ባድማ ያደርጉና ሰላም ብለው ይጠሩታል ይላቸዋል። እኔ የዓድዋን ታሪክ ከአያቴ አፍ እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ተራራውን ይዞ የተሰለፈው የአገር ልጅ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ወራሪ፣ ከውጊያው በፊት የሚነገረው ያ የሚያንገበግብ ቃል እንባዬን አመጣው። በዚያው ሌሊት «የተገዢዎች ድምፅ» ብዬ አንድ ምዕራፍ ጀመርኩ። አርባ ሁለት ገጽ ሆነ። የጥንት ብሪታንያውያን ስለ ሮማ ምን ያስቡ እንደነበር፣ ነጻነት ሲሉ ምን ማለታቸው እንደነበር፣ ሁሉንም ከካልጋኩስ ንግግር እየመዘዝኩ ጻፍኩ።

ጽሑፌን ባቀረብኩበት ቀን የውጭ ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ጠየቁኝ። ይህን ንግግር ማን ሰማው? ካልጋኩስ የተናገረው በምን ቋንቋ ነው? ለታሲተስስ ማን ተርጉሞ አደረሰለት? መልስ አልነበረኝም። የካልጋኩስ ስም እንኳ ከዚህ መጽሐፍ በስተቀር በየትም አይገኝም። ንግግሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሮማ የንግግር ጥበብ ትምህርት ያፈራው ሥራ ነው፤ ታሲተስ ደግሞ በዚያ ጥበብ የተመሰከረለት ጠበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ100 ከጸሐፊው ከትንሹ ፕሊኒ ጋር ሆኖ በሰሜን አፍሪካ የነበረችው የሮማ ግዛት አገረ ገዥ የነበረውን ማሪየስ ፕሪስከስን በሕዝብ በደልና በጉቦ ከስሶ ያስፈረደበት እሱ ነው።

አርባ ሁለቱም ገጽ ተሰረዘ። ምረቃዬ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ፤ የምዝገባውን ክፍያ እንደገና ከፈልኩ፤ ቃል የተገባልኝ የማስተማር ቦታም ለሌላ ሰው ተሰጠ። አማካሪዬ ያንን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አንብበው፣ ጥሩ ነው ብለው ፈርመውበት ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ያንቺም አማካሪ የዘመናዊ ታሪክ ባለሙያ ከሆኑ በፊርማቸው ብቻ አትተማመኚ።

የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች ንግግሩን ራሳቸው ደርሰው ይጽፉ እንደነበር ማንም አልነገረኝም። በእነሱ ዘንድ ውሸት አልነበረም፤ ሰውየው በዚያ ሰዓት ሊለው የሚገባውን በሚያምር ቃል ማስቀመጥ የጸሐፊው ሥራ ነበር። በዓይንሽ አይተሽ የምታረጋግጪበት አንድ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ48 ቀላውዴዎስ ቄሣር የጎል፣ የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ፣ ታላላቅ ሰዎች የመኳንንት ሸንጎ በሆነው በሮማ ሴኔት እንዲቀመጡ ለመፍቀድ ንግግር አደረገ። ንግግሩ በነሐስ ሰሌዳ ተቀርጾ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1528 ፈረንሳይ ውስጥ ሊዮን ከተማ ላይ ተገኘ። ያንኑ ንግግር ታሲተስ በ«አናልስ» 11፥24 አስፍሮታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አንብቢ። የሰሌዳው ቀላውዴዎስ ከርዕሱ እየወጣ ስለ ጥንት ነገሥታት ይተርካል፤ ንግግርህ ወዴት እንደሚሄድ ለሴኔቱ የምትገልጽበት ሰዓት ደርሷል የሚል ቃል እንኳ ሳይቀር ተቀርጿል። የታሲተስ ቀላውዴዎስ ግን አጭር፣ የታረመና ኃይለኛ ነው። ፍሬ ሐሳቡ የንጉሠ ነገሥቱ ሆኖ ቃሉ የታሲተስ ነው። ሰነድ ባለበት ንግግር ላይ እንዲህ ካደረገ፣ ማንም ባልጻፈው የተራራ ላይ ንግግር ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ነው።

በዚህ ንጽጽር ላይ ሁለት ወር ሠራሁ። አዲሱ ምዕራፍ ከእሱ ወጣ፤ እነዚያው ፈታኝ በሁለተኛው ዓመት ቆመው ጨበጡኝ። ያገኘሁትም ነገር ከጠፋው ይበልጣል። ካልጋኩስ አልተናገረውም ማለት ንግግሩ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ያን ቃል የጻፈው እ.ኤ.አ. በ97 የሮማ ቆንስል፣ ማለት ከከፍተኛ ባለ ሥልጣኖቿ አንዱ፣ የነበረ ሰው፣ የአሸናፊው ጄኔራል የልጅ ባል ነው። አማቱን ሊያወድስ በተነሣበት መጽሐፍ፣ በተሸናፊው አፍ የራሱን መንግሥት ወንበዴ ይለዋል። ለምን? የ«አግሪኮላ»ን ምዕራፍ 45 እስክታነቢ አትፍረጂ። እዚያ ታሲተስ ስለ ንጉሠ ነገሥት ድምጥያኖስ ዘመን ሲጽፍ፣ ሄልቪዲየስ የተባለውን ሴኔተር ወደ እስር ቤት የወሰዱት የእኛው የሴኔተሮቹ እጆች ናቸው ይላል፤ ራሱን አያወጣም። በዚያ ጨካኝ ንጉሥ ዘመን ሹመት ተቀብሏል፤ ዝም ብሎ ኖሯል። ባርነት የሚለውን ቃል በካልጋኩስ አፍ ሲያደርግ የሚያውቀውን ባርነት ነው የጻፈው። የእኔ ምዕራፍ ርዕስ ከ«የተገዢዎች ድምፅ» ወደ «የገዢው ኅሊና» የተለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

2ኛ፦ ትርጉም ይበቃል፤ ግን ሁለት የተለያዩ ትርጉሞች ያዢ፤ ላቲኑም ከጎንሽ ይሁን። ስትጠቅሺ የገጽ ቁጥር አትጻፊ። እንደ መጽሐፍ ቅዱስ በመጽሐፍና በምዕራፍ ነው የሚጠቀሰው፤ እኔ የገጽ ቁጥር ጽፌ መቶ ሠላሳ የግርጌ ማስታወሻ እንደገና አርሜአለሁ። ዛሬ ላቲኑም ሆነ የድሮዎቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። እኔ ግን ያኔ ኢንተርኔት እንደ ልብ አላገኝም ነበር፤ ላቲንና እንግሊዝኛ ፊት ለፊት የታተመበትን ቅጽ ፍለጋ ወደ አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። የመጀመሪያ ቀን የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ ቁጥርና ቀን የለውም ተባልኩ። ቁጥርና ቀን አስጽፌ ስመጣ ማኅተሙ ደብዝዟል አለኝ ሠራተኛው። መጽሐፉ ከጀርባው ካለው መደርደሪያ ላይ ይታየኛል። ለምን እንደሚያስመላልሰኝ ብጠይቀው፣ በሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ «የአገርህን ታሪክ ጨርሰህ ነው የሮማን የምትፈልገው?» አለኝ። ያን ቀን በእግሬ እየሄድኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ቤቴ ደረስኩ።

መጽሐፉን ሳይሆን ላቲኑን ያገኘሁት ከአንድ አረጋዊ የካቶሊክ ካህን ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ሳንቲም ሳይቀበሉ፣ ስድስት ወር አስተማሩኝ። «ኡቢ ሶሊቱዲኔም ፋቺዩንት፣ ፓቼም አፔላንት» የሚለውን የካልጋኩስን ቃል በራሴ ዓይን አንብቤ የተረዳሁበትን ቅዳሜ አልረሳውም። አምስት ቃል ብቻ ነው። ትርጉሞቹ ሁሉ ያረዝሙታል። ታሲተስ ለምን ሁለት ሺህ ዓመት ሊጠጋ እንደተነበበ ያን ዕለት ገባኝ።

3ኛ፦ የዘመን አቆጣጠር። በአማርኛ ስትጽፊ እ.ኤ.አ. የሚለውን አትርሺ። ሮማ የተቃጠለችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 64 ነው፤ በእኛ 56 ዓ.ም. ይሆናል። የክፍል ጓደኛዬ ሁለቱን በመቀላቀሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮን በጽሑፉ ውስጥ ከሞተ በኋላ ከተማ ሲያስቃጥል ተገኝቷል።

4ኛ፦ ወሬን ከፍርድ ለዪ። ይህም ከመጀመሪያው ስሕተቴ ጋር አንድ ነው፤ ማን እየተናገረ ነው የሚለው ጥያቄ። «ኔሮን ሮማን አቃጥሎ በገና ሲመታ ነበር፤ ታሲተስ መስክሯል» የሚል ጽሑፍ በየቦታው ታገኛለሽ። «አናልስ» 15፥38ን ክፈቺ። ቃጠሎው በአጋጣሚ ይሁን በንጉሡ ተንኮል አልታወቀም፤ ጸሐፊዎች ሁለቱንም ብለዋል ይላል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ኔሮን እሳቱ ሲነሣ አንቲየም በሚባል ከተማ እንደነበር፣ ቤት ለፈረሰባቸው አትክልት ቦታዎቹን እንደከፈተ፣ የእህል ዋጋ እንዳስቀነሰ ይጽፋል። መዝፈኑን የሚያመጣው «ወሬ ተሰማ» ብሎ ነው። ይህ የታሲተስ ዋነኛ መሣሪያ ነው፤ ወሬውን ይነግርሻል፣ አላረጋገጥኩም ይልሻል፣ አንቺ ግን ወሬውን ይዘሽ ትሄጃለሽ። «ያለ ቁጣና ያለ አድልዎ እጽፋለሁ» ብሎ የጀመረ ሰው መሆኑን እያሰብሽ አንብቢው።

በ15፥44 ስለ ክርስቶስ የጻፈውን እንደምትጠቅሺ እርግጠኛ ነኝ። በጢባርዮስ ዘመን በጶንጥዮስ ጲላጦስ እንደተገደለ የሚናገር፣ ክርስቲያን ካልሆነ ሰው የመጣ ትልቅ ምስክርነት ነው። ነገር ግን ጲላጦስን «ፕሮኩራቶር»፣ የገንዘብ ሹም፣ ይለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1961 በቂሣርያ የተገኘው ድንጋይ ግን ማዕረጉ «ፕሪፌክት»፣ የጦር ሥልጣን ያለው ገዥ፣ እንደነበር አሳይቷል። ፈታኝ ሳይጠይቅሽ አንቺ ጻፊው። የአይሁድ ሕዝብ ጉዳይ በርዕስሽ ውስጥ ካለ ደግሞ ሌላው ትልቅ የታሪክ ሥራው በሆነው በ«ሂስቶሪያ» አምስተኛ መጽሐፍ መግቢያ ላይ ያለውን ያለ ማመሳከሪያ እንዳትወስጂ፤ በጥላቻና በሐሰት የተሞላ ነው። ከአይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ከዮሴፍ ወልደ ማትያስ፣ ፈረንጆች ጆሴፈስ ከሚሉት ጋር አስተያዪው። በግእዝ ያለን «ዜና አይሁድ» የእሱ መጽሐፍ እንዳይመስልሽ። እሱ በመካከለኛው ዘመን በዕብራይስጥ ከተጻፈው «ዮሲፖን» በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

5ኛ፦ «ታሲተስ ስለዚህ ምንም አላለም» ብለሽ አትጻፊ። ብሎ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ከ«አናልስ» ከ7 እስከ 10 ያሉት መጻሕፍት የሉም፤ የንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ ዘመን በሙሉና የቀላውዴዎስ መጀመሪያ ከእነሱ ጋር ሄዷል። «ሂስቶሪያ» እ.ኤ.አ. ከ69 እስከ 96 ያለውን ዘመን ይሸፍን ነበር፤ የቀረልን የ69 እና የ70 ነገር ብቻ ነው። የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራን ሊጽፍ ከፕሊኒ ምስክርነት ጠይቆ ነበር፤ የፕሊኒ ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰውናል፣ ታሲተስ ከእነሱ የጻፈው ግን አልደረሰንም። የ«አናልስ» የመጀመሪያዎቹ ስድስት መጻሕፍት የተረፉት በአንድ የዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ብራና ነው። የመጨረሻዎቹና «ሂስቶሪያ» ደግሞ በሞንቴ ካሲኖ ገዳም በተገለበጠ ሌላ ብራና ተረፉ። ሁለቱም ዛሬ ፍሎረንስ ውስጥ በሎሬንዚያና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በገዳም ዕቃ ቤት ውስጥ ብራና ሲበሰብስ ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ቀጭን ክር እንደሆነ ያውቃል።

የንባብ ቅደም ተከተልሽ እንዲህ ይሁን። «አግሪኮላ»ን በሙሉ፣ ቀጥሎ የ«ሂስቶሪያ»ን አንደኛ መጽሐፍ፣ ከዚያ ከ«አናልስ» 4፥34 እና 35። በዚህ በመጨረሻው ላይ ክሬሙቲየስ ኮርደስ የተባለ ታሪክ ጸሐፊ የዩልየስ ቄሣርን ገዳይ ብሩተስን በማመስገኑ እ.ኤ.አ. በ25 ይከሰሳል፤ ራሱን በረኃብ ይገድላል፤ መጻሕፍቱ እንዲቃጠሉ ይፈረዳል፤ ሰዎች ግን ደብቀው ያቆዩአቸዋል። የመከላከያ ንግግሩንም ቢሆን ያቀናበረው ታሲተስ ነው፤ አንዴ ከተቃጠልኩ ወዲህ ይህን ሳልል አላልፍም። ከእሱ በኋላ የሊዮኑን ሰሌዳ ከ11፥24 ጋር አስተያዪ። ሁለቱን በሁለት ዓምድ ያስቀመጥኩበት ሠንጠረዥ አለኝ። መጀመሪያ የራስሽን ሥሪ፤ ስትጨርሺ ጻፊልኝና የእኔን እልክልሻለሁ፣ እናመሳክረዋለን። ወደ ቤተ መጻሕፍት የምትሄጂ ከሆነም የድጋፍ ደብዳቤውን ቁጥርና ቀን አስጽፈሽ፣ ማኅተሙ በደንብ መታየቱን አረጋግጠሽ፣ ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ።