ያላየሽውን ወፍ አትቁጠሪ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ በሁለት ቃል መለስኩላትና ወደ ስራችን ሄድን፣ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለሷ ብቻ ሳይሆን በሷ እድሜ ላላችሁ ሁሉ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

ያለሁት ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቦስኬ ዴል አፓቼ የሚባል የዱር እንስሳት መጠለያ ነው፣ ከሶኮሮ ከተማ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ 28 ዓመት የሆስፒታል ላብ ውስጥ ሰራሁ፣ ጡረታ ስወጣ ኮንዶዬን ሸጬ አርቪ (ውስጡ የሚኖርበት መኪና) ገዛሁ፣ አሁን ቤቴ እሱ ነው። ብርዱን ወራት እዚህ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ እሰራለሁ፣ እነሱ ደሞ አርቪዬን የማቆምበት ቦታ ከነመብራቱ ከነውሃው ከነፍሳሽ መስመሩ በነፃ ይሰጡኛል።

ልጅቷ 24 ዓመቷ ነው፣ ወላጆቿ ኮሎራዶ ኦሮራ የሚኖሩ ሀበሾች ናቸው፣ እሷ ቫን ውስጥ እያደረች ነው ዘንድሮ የመጣችው። የዛን ቀን ጠዋት ገና ሳይነጋ ኩሬው ዳር ቆመን ሳንድሂል ክሬን እንቆጥራለን። ክሬን ስላችሁ ግራጫ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ያለበት፣ ክንፉ ሲዘረጋ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ወፍ ነው፣ ስታዩት ሽመላ ይመስላል ግን ዘሩ ሌላ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ከሰሜን ይመጣሉ፣ በየካቲት ይመለሳሉ። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ነው የሚያድሩት፣ ኮዮቲ የሚባለው ቀበሮ መሰል አውሬ ሊበላቸው ሲመጣ ውሃው ሲንቦጫረቅ እንዲሰሙት። ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ ከውሃው ላይ ጉም እየተነሳ የኩሬውን ማዶ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል፣ ድምፃቸው ግን ይሰማል፣ ያ የሚንቀጠቀጥ ጩኸታቸው ከሩቅ ነው የሚሰማው። እና ልጅቷ እንዲህ አለችኝ፣ “ጋሼ፣ ትላንት ማዶ 600 ነበሩ፣ ዛሬም እዛው ናቸው ይሰማሉ እኮ፣ 600 ብዬ ልሙላው?”

“ኤክስ ጻፊ” አልኳት። ኢበርድ የሚባለውን የወፍ መመዝገቢያ የምትጠቀሙ ታውቁታላችሁ፣ ወፉ እንዳለ ካወቅክ ግን ካልቆጠርከው በቁጥር ፋንታ ኤክስ ትጽፋለህ። እሺ ጋሼ ብላ ጻፈች። ለምን እንደዛ ኮስተር እንዳልኩባት ግን አልገባትም፣ እኔም አልነገርኳትም።

በ1972 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። የባዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ፣ አስተማሪያችን የውሃ ወፍ ቆጠራ ሊያሳየን አብያታ ሀይቅ ወሰደን። ያኔ አብያታ ምን ይመስል እንደነበር ለናንተ እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ከላንጋኖ መንገድ ገባ ስትል ዳርቻው ሮዝ ነው፣ ፍላሚንጎ ነው ሁሉም፣ ነፋስ ሲመጣ ያ ሮዝ መስመር እንደ ጨርቅ ይንቀሳቀሳል። ፔሊካኖቹ ጎጇቸው ሻላ ሀይቅ መሃል ያለው ደሴት ላይ ነው ግን ሻላ አሳ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሙቀቱ አየሩን ከፍ ሲያደርገው በሱ እየተሽከረከሩ ይወጡና ኮረብታውን ተሻግረው አብያታ ይወርዳሉ፣ አሳ ይበሉና ይመለሳሉ። በየቀኑ። እኛ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን እላያችን ላይ ሲያልፉ እናያለን።

አስተማሪው ሁለት ሁለት አድርጎ መደበን። ጓደኛዬ የሆራ ቀሎ ወንዝ ሀይቁ ውስጥ የሚገባበትን ወሰደ፣ እኔ ወደ ማዶው የሚዞረውን ዳርቻ። ለሁለታችን አንድ ባይናኩላር ነበር፣ “አንተ ሩቅ ነህ ውሰደው” ብሎ ሰጠኝ፣ ይሄንን ሳልረሳ ልጻፈው። ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ሄድኩ። ጭቃው የሶዳ ጭቃ ነው፣ ከላይ ደረቅ ይመስላል ስትረግጠው እስከ ቅልጥምህ ይውጥሃል፣ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩት፣ ፀሀዩ ከላይ ነጩ መሬት ከስር ያቃጥላል። ገና መንገዱ አላለቀም፣ የተሰጠኝ ቦታ አንድ ጥግ ዞሮ ነው ያለው። አንድ ግራር ስር ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩና በዛው ቀረሁ።

ከዛ ወረቀቱን አወጣሁና ሞላሁት። ፍላሚንጎ ይሄን ያህል፣ ዳክዬ ይሄን ያህል፣ ፔሊካን 463። 450 ብዬ ብጽፍ ግምት ይመስላል ብዬ አሰብኩ፣ ስለዚህ 463 አልኩ፣ እውነት እንዲመስል። ጎዶሎዋን ቁጥር እዛ ግራር ስር ቁጭ ብዬ መረጥኳት። እስከዛሬ የሚያሳፍረኝ ከመዋሸቴ ይልቅ መምረጤ ነው፣ ጊዜ ወስጄ አስቤበት ነው ያደረግኩት።

ማታ አስተማሪው ወረቀት ሰብስቦ በፋኖስ ማንበብ ጀመረ። የኔ ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ 463 አለና “ቆጠራ እንዲህ ነው” አለ፣ ሁሉም ዞሮ አየኝ። ቀጥሎ የጓደኛዬን አነበበ። ጓደኛዬ ዳር ዳር ያለውን በባዶ አይኑ አንድ በአንድ ቆጥሮ ጽፏል፣ ከስሩ ደሞ “ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለተነሳ መሃል ያሉት አልተቆጠሩም” ብሏል። አስተማሪው ተቆጣ። ለመቁጠር ተልከህ አልቆጠርኩም ብለህ ትመጣለህ ወይ፣ ጓደኛህ ከአንተ ሁለት እጥፍ ሩቅ ሄዶ ጨርሶ መጥቷል አለው። ጓደኛዬ ምንም አልመለሰም፣ ወደ መሬት አየ። ባይናኩላሩ አንገቴ ላይ ነበር። እኔም ምንም አላልኩም።

እሱ ነበር እኮ ወፍ የሚወደው፣ ድንኳን ውስጥ ተኝተን በድምፅ ብቻ ይሄ እንትን ነው ይሄ እንትን ነው የሚለኝ፣ እኔ ማርክ ነበር የምፈልገው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ትምህርት ክፍል ገባ። በዛች ማታ ምክንያት ነው ብዬ ልናገር አልችልም፣ ጠይቄውም አላውቅም። ፈርቼ ነው ያልጠየቅኩት።

ሀይቁ ከዛ ወዲህ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በላይ በኩል ከዝዋይና ከሚገቡት ወንዞች ለመስኖ ውሃ ተወሰደ፣ እዛው ዳር ሶዳ አሽ የሚባል የፋብሪካ ኬሚካል ማምረት ተጀመረ፣ ውሃው ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ አሳው አለቀ፣ አሳ ከሌለ ፔሊካኑ ለምን ይመጣል። በ2010 ዓ.ም. ሀገር ቤት ሄጄ ነበር፣ ያቺን ግራር ፈልጌ አጣኋት፣ ዳርቻው ኪሎ ሜትሮች ሸሽቷል፣ ድሮ ውሃ የነበረበት ላይ ከብት ይሄዳል። እዛ ቆሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፣ ድሮ በዚህ በኩል ስንት ፔሊካን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ማን ይመልስለታል? ማየት የምችለው እኔ ነበርኩ፣ የዛን ቀን እዛ የተላክሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ያ ቀን ደሞ ተመልሶ አይመጣም። በሱ ፋንታ ያለው 463 ነው።

ላብ ስገባ ይሄ ነገር አብሮኝ ገባ። ማሽኑ ያልተረዳውን ደም በማይክሮስኮፕ እያየን 100 ነጭ የደም ሴል በእጅ እንቆጥራለን፣ ሌሊት ሺፍት ላይ አይንህ ይደክማል፣ 90 ላይ ስትደርስ ቀሪው ምን ሊሆን ነው ትላለህ። 28 ዓመት ሙሉ አንድም ቀን 99 ላይ አላቆምኩም። አብረውኝ የሰሩ ልጆች ችኮ ይሉኝ ነበር፣ ምክንያቱን ለማንም አልነገርኩም።

እና በዚህ በበጎ ፈቃድ ስራ ሰው የሚቆጥረው ቁጥር ምን ያደርጋል የምትሉ ካላችሁ፣ እዚህ መጠለያ በ1941 (በፈረንጅ) የከረሙት ክሬኖች 17 ነበሩ። 17! አሁን በየዓመቱ በሺዎች ይመጣሉ፣ ኩሬው እየተሞላ እየደረቀ፣ በቆሎ እየተዘራላቸው ነው። ሁፒንግ ክሬን የሚባለው ነጩ ዘመዳቸው ደሞ በዛው ዘመን በመላው አለም ከ25 ያነሰ ነበር የቀረው። ከ1975 ጀምሮ የነጩን እንቁላል አይዳሆ ውስጥ ሳንድሂል ጎጆ ውስጥ እያስቀመጡ ለማስፈልፈል ሞክረው ነበር፣ ጫጩቶቹ አደጉ፣ ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር እዚህ ድረስ መጥተው ከረሙ፣ ግን ራሳቸውን ሳንድሂል ነን ብለው ስላሰቡ እርስ በርሳቸው ሳይጋቡ ቀሩና ሙከራው ቆመ። ቴክሳስ አራንሳስ መጠለያ የሚከርመው መንጋ ግን ተርፎ ዛሬ ከ500 በላይ ደርሷል። ሰሜን አሜሪካ ከ1970 ወዲህ ወደ 3 ቢሊዮን ወፍ እንዳጣችም በ2019 የታወቀው ተራ ሰው፣ አስተማሪ፣ ገበሬ፣ ጡረተኛ፣ ለአስርት ዓመታት በየጠዋቱ እየወጣ በጻፈው ቁጥር ነው። ከመሃላቸው እንደኔ ግራር ስር የተቀመጡ ቢበዙ ኖሮ ይሄ አይታወቅም ነበር።

አርቪ አነዳድ፣ ጎማ፣ ምናምን አልጽፍላችሁም፣ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ቮለንቲር ዶት ጎቭ (volunteer.gov) የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነው ቦታ የሚፈለገው፣ ብዙ ቦታ በሳምንት ከ20 እስከ 32 ሰዓት ስራና ሁለት ሶስት ወር መቆየት ይፈልጋሉ፣ 250 ሰዓት ስትሞሉ የፓርኮችና የመጠለያዎች መግቢያ ካርድ በነፃ ይሰጣችኋል። ስራው ወፍ ማየት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ እኔ ሽንት ቤት አጥቤያለሁ፣ አጥር ጠግኛለሁ፣ ለጎብኚ ካርታ አድያለሁ። ብርድ ላይ የውሃ ጎማችሁ እንዳይቀዘቅዝ የሚሞቀውን አይነት ግዙ። እንጀራ ለምትጋግሩ ደሞ፣ 30 አምፕ ላይ ምጣድና ሂተር የውሃ ማሞቂያውም ተጨምሮ አንድ ላይ አይሆንም፣ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሂተሩን አጥፍታችሁ ጋግሩ፣ ምጣዱ ራሱ ቤቱን ያሞቀዋል።

ጡረታ እስክንወጣ አንጠብቅም የምትሉኝ ልጆች አላችሁ፣ እውነታችሁን ነው፣ አትጠብቁ፣ ጉልበታችሁ ለዚህ ነገር አሁን ነው፣ እኔ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ሲገባ አሁን ያመኛል። ግን ትምህርታችሁንም ጨርሱ፣ ስራም ያዙ፣ የኔ አርቪ የተገዛው በ28 ዓመት ስራ ነው። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ።

አንድ የማልወደው ነገር አለ፣ ስልክ። ወፍ ሲጮህ ቀና ከማለታችሁ በፊት መርሊን የሚባለውን አፕ ትከፍታላችሁ፣ ስሙን ይነግራችኋል፣ ከዛ ጉዳዩ አለቀ። እኔም እከፍተዋለሁ፣ ጆሮዬ ደክሟል፣ ጎበዝ አፕ ነው። ግን ስሙን ማወቅና ወፉን ማወቅ ይለያያል። እናቴ በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድ ሲመጣ “የመስቀል ወፍ” ትለው ነበር፣ እኔም ያ ወፍ መስከረም ላይ ከሆነ ቦታ መጥቶ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። የመስቀል ወፍ ከምንላቸው ውስጥ ብዙዎቹ የትም አይሄዱም እኮ፣ ወንዱ በዝናቡ ወራት ለመራባት ቀይ ወይም ቢጫ ላባ ያወጣል፣ ከዛ ይረግፍና እንደ ድንቢጥ ቡኒ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ አጥራችን ላይ ቁጭ ይላል። ይሄን የነገረኝ ያው ጓደኛዬ ነው፣ አብያታ ድንኳን ውስጥ፣ አስተማሪው ከመቆጣቱ በፊት በነበረችው ሌሊት።

ጓደኛዬ አሁን እዛው ሀይቁ አቅራቢያ ባቱ ነው ያለው፣ አስተማሪ ነበር ጡረታ ወጥቷል። ስልኩን ከዘመድ አግኝቼ ዓመት ሆኖኛል። ልጅቷ በጠየቀችኝ ማግስት ደወልኩለት። ድምፁ አልተለወጠም። ስለ ልጆቹ አወራን፣ ስለ ጤና፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ እዚህ ምን እንደምሰራ ጠየቀኝና ክሬን እቆጥራለሁ ስለው በጣም ደስ አለው፣ “ጎሽ፣ አንተ ድሮም ቆጠራ ትችላለህ” አለኝ። ከዛ መስመሩ መቆራረጥ ጀመረ፣ እኔም ሌላ ቀን እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ነው የምደውለው። እሱ ጋ ማታ ሲሆን፣ እዚህ ጠዋት ቆጠራ ጨርሰን ስንመለስ።