«ማሽኑ ከመጣማ ማውራቱን አቆማለሁ»

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ታናሽ እህቴ 24 ዓመቷ ነው። የዛሬ ዓመት አዲስ አበባ ያያት ሐኪም ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር (ስሜት በድንገት የሚገነፍልበት፣ መተውን አጥብቆ የሚያስፈራ የአእምሮ ሕመም) ነው አለን። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ከአንዲት ሳይኮሎጂስት ጋር በቪዲዮ ትነጋገራለች። ለውጥ አለ፣ ግን ቀስ ያለ ነው። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዋ ለ20 ደቂቃ ቴክስቷን ስላልመለሰችላት ቱግ ብላ ስልኳን ከግድግዳ ጋር አላተመችው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ እግሬ ሥር ተቀምጣ «አንቺም ትተይኝ ይሆን?» እያለች አለቀሰች። ውጭ አገር ያለው ወንድማችን ኒውሮፊድባክ የሚባል፣ ጭንቅላት ላይ የሚታሰር አእምሮ ማሠልጠኛ እልካለሁ ብሏል። እሷ ይሄን ስትሰማ «እሱ ከመጣማ ማውራቱን አቆማለሁ፣ ደክሞኛል» አለች። አብሮ ይሄዳል ወይስ አንዱን እንምረጥ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽ አንጀቴን በላኝ። «አንቺም ትተይኝ ይሆን?» የሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ፣ ምክንያቱም የሕመሙ እምብርት እዚያ ነው። ቀጥታ ልመልስልሽ፦ አብሮ ይሄዳል። ማሽኑ ግን አጋዥ ሆኖ ይግባ እንጂ ቴራፒውን፣ ማለትም ከሳይኮሎጂስቷ ጋር መነጋገሩን፣ አስወጥቶ አይግባ።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። አእምሮ ሲሠራ ደቃቅ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያወጣል። ይህን ከሰው ጭንቅላት ላይ መጀመሪያ የመዘገበው ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ነው፣ በ1924 እ.ኤ.አ.። ኒውሮፊድባክ ያንኑ ሞገድ እያነበበ ወዲያው ለባለቤቱ መልሶ ያሳያል። እህትሽ ስክሪን ፊት ትቀመጣለች፤ የሚፈለገው ሞገድ ሲበረታ ምስሉ ይደምቃል ወይም ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ሲደክም ይደበዝዛል። «እንዲህ አድርጊ» የሚላት የለም፣ አእምሮዋ ምስሉን የሚያደምቀውን መንገድ ራሱ እየሞከረ ይለምዳል። ወደ ጭንቅላቷ የሚገባ ኤሌክትሪክ የለም፣ ማንበብ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የፈራ ሰው ካለ ይህን ንገሪው። አንዱ ክፍለ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ጊዜ ይደጋገማል።

ለቦርደርላይን ይሠራል ወይ? እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ። የፍርሃትና የቁጣ ማንቂያው አሚግዳላ የሚባል፣ ለውዝ የምታክል ክፍል ነው፣ ያለውም አእምሮ ውስጥ በጥልቀት ነው። ግንባር ላይ የሚታሰረው ማሽን እዚያ አይደርስም፣ የላይ የላዩን ነው የሚያነበው። ለዚህ ነው ጀርመን ማንሃይም ያሉ ተመራማሪዎች የአእምሮን ውስጥ የሚያሳየውን ትልቁን የሆስፒታል ማሽን፣ ኤምአርአይን፣ ተጠቅመው ጥቂት ሴት ታካሚዎችን ያሠለጠኑት። ሴቶቹ እያዩት የአሚግዳላቸውን እንቅስቃሴ ዝቅ ማድረግ ችለዋል። ደስ ይላል፣ ግን በጣት ከሚቆጠሩ ሰዎች ተነስቶ «መድኃኒቱ ተገኘ» ማለት አይቻልም። ሌላም ልጨምርልሽ። ትኩረት የመሰብሰብ ችግር ባለባቸው ልጆች ላይ የተሠራና በ2021 የወጣ ትልቅ ጥናት ነበር። ከፊሎቹ እውነተኛውን ሥልጠና፣ ሌሎቹ የማስመሰያውን ወሰዱ። ሁለቱም ወገን ተሻለው፣ እኩል። ስለዚህ ከማሽኑ ይልቅ በሰዓቱ መገኘቱ፣ አጠገብ ያለው ሰው፣ ተስፋው ብዙ ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

ቴራፒው ግን በቦርደርላይን ላይ ተፈትኗል። አሜሪካዊቷ ሳይኮሎጂስት ማርሻ ሊንሃን ዲቢቲ የሚባለውን ሕክምና ቀርጻ የመጀመሪያውን ጥናት በ1991 አወጣች። በ2011 ደግሞ እሷ ራሷ በወጣትነቷ ሆስፒታል ተኝታ ራሷን ትጎዳ እንደነበር በአደባባይ ተናገረች። ይህን ለእህትሽ ንገሪያት። ከውስጡ የወጣ ሰው የሠራው መንገድ ነው። እዚያ የሚለመደው ቱግ የሚያሰኘውን ስሜት ሲመጣ ማወቅ፣ ሳያቃጥል እስኪያልፍ መቆየት፣ ከዚያም ከሰው ጋር ሳይጣሉ የሚፈልጉትን መናገር ነው።

እስቲ የስልኩን ቀን መልሰሽ አስቢው። 20 ደቂቃ ዝምታ። በሷ ጆሮ ዝምታው «ትታኛለች» ሆኖ ተሰማ። ማሽኑ ጥሩ ቢሠራ ምናልባት ልቧ ትንሽ ቀስ ብሎ ይመታል፣ ከቁጣው በፊት ትንፋሽ የምትወስድበት ፋታ ታገኛለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም! ግን በፋታው ውስጥ ምን ታድርግበት? «ባስ ውስጥ ሆና ይሆናል» ብሎ ማሰብን፣ ወይም «ስትዘገዪ እፈራለሁ» ብሎ መጻፍን ማሽን አያስተምርም። አሜሪካ ውስጥ 290 ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት ነበር። በ10 ዓመት ውስጥ 93 ከመቶዎቹ ቢያንስ ለ2 ዓመት ያህል ምልክቱ ለቀቃቸው። ከዚህ በተጨማሪ ሥራቸውና ከሰው ጋር ያላቸው ኑሮ የተስተካከለላቸው ግን ግማሽ ያህሉ ናቸው። አየሽ፣ ሕመሙ ይበርዳል፣ የሚያስቸግረው ኑሮውን መልሶ መገንባቱ ነው።

ስለዚህ ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ሳይኮሎጂስቷ ትወቅ። በተለይ እህትሽ ያለፈ ክፉ ነገር ካለባት፣ ወይም አንዳንዴ «እዚህ የሌለሁ ይመስለኛል» የምትል ከሆነ። ዓይን ጨፍኖ ወደ ጥልቅ እረፍት የሚወስደው ዓይነት ሥልጠና የተቀበረውን ሊያነሳው ይችላል፣ ያ ደግሞ ብቻዋን መኝታ ቤት ውስጥ መሆን የለበትም። የሚጥል በሽታ ካለባት ሐኪም ሳይፈቅድ አይሞከር። ራስ ምታት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት ከመጣ ይቁም።

የድሬንም ነገር ልንገርሽ። ሹሩባ ከተሠራች በፀጉሩ ውስጥ አልፎ ቆዳ የማይነካ ማሽን የሚያነበው የለውም። ሙቀቱም ችግር ነው፣ ላብ ንባቡን ያዛባል። ስለዚህ ጠዋት በማለዳ፣ ግንባሯን አድርቃ ትሞክር። አገጭ ሲንቀሳቀስም ማሽኑ የጡንቻውን ከአእምሮው ጋር ያምታታል፣ ማስቲካም ይሁን ጫት እያኘኩ አይሆንም። ጫቱን ካነሳሁ ደግሞ፣ ትቅማለች ወይ? አልነገርሽኝም። የምትቅም ከሆነ ከምርቃናው በኋላ የሚመጣው ዱካክና የእንቅልፍ ማጣት ብቻውን እንደዚያ ቀን ሊያስቆጣት ይችላል። ለቴራፒስቷ ሳትደብቅ ትንገራት፣ አለዚያ የጫቱን ጣጣ ሁሉ ለሕመሙ እየሰጣችሁ ትለፋላችሁ።

ትንሽ ደብተር ግዢላት። ማታ ማታ ሦስት ነገር ትጻፍ፦ ዛሬ ቁጣው ከ10 ስንት ደረሰ፣ ምን ቀሰቀሰው፣ ምን አደረገች። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት አንድ ወር ትጻፍ፣ ከመጣም በኋላ ትቀጥል። ያኔ የሠራውንና ያልሠራውን ደብተሩ ይነግራችኋል፣ ሻጩ አይደለም።

እስከዚያው ደግሞ ምንም የማያስወጣ አንድ ነገር አለ። ቱግ ሊላት ሲል ሳህን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ ፊቷን እስከ 30 ሰከንድ ትንከር። የልብ ምት ይቀንሳል፣ በዲቢቲም የሚሰጥ ዘዴ ነው። የሮቶው ውሃ ከሰዓት በኋላ ስለሚሞቅ ከፍሪጅ ይሁን። የልብ ችግር ወይም ምግብ የመተው ችግር ካለባት ግን ሐኪም ጠይቁ።

አንቺ ደግሞ «ትተይኝ ይሆን?» ስትልሽ አትከራከሪያት። «ፈርተሻል፣ እዚሁ ነኝ፣ ስልኩን ስትወረውሪ ግን እኔም እደነግጣለሁ» በያት። ሁለቱንም፣ በአንድ ትንፋሽ። መሞት እፈልጋለሁ ካለች ወይም ራሷን ከጎዳች ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ብቻዋን አትተያት፣ ያኔውኑ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

ወንድማችሁ ሲደውል እንዲህ በዪው፦ «ከመግዛትህ በፊት የአንድ ዓመት የቴራፒ ክፍያዋን ቻል። ከዚያ የተረፈህ ካለ ማሽኑን ላክ።» እሷንም ማውራቱ ለምን እንደደከማት ጠይቂያት። ምናልባት ከዚህች ሴት ጋር አልተግባባችም ይሆናል፤ ያ ከሆነ ቴራፒስት መቀየር ይቻላል። ምናልባት ደግሞ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ታሪኳን ሦስቴ መድገም ሰልችቷት ይሆናል። መልሷን ጻፊልኝ።