«ልጄ አማርኛ እየሰማች በእንግሊዝኛ ትመልሳለች»

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ቨርጂኒያ የምኖር የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የ15 ዓመቷ ልጄ አማርኛ ጥርት አድርጋ ትሰማለች፤ ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ግን አንድም ቃል በአማርኛ አልመልስም ብላለች። እሑድ ካልተቆጣኋት አትነሣም፤ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስም ከመኪና አልወርድም ትላለች። እኔ ዝም ብዬ የማስገድድ አባት አይደለሁም፤ ጥናት አንብቤያለሁ። በሃይማኖት ያደጉ ልጆች ደስተኞች እንደሚሆኑና ከአደንዛዥ ዕፅ እንደሚርቁ፣ የወላጆቻቸውን ቋንቋ የያዙ ልጆችም ከቤተሰባቸው ጋር እንደሚስማሙ ተጽፏል። በእንግሊዝኛ አትሜ ሰጠኋት፤ አላነበበችውም። ቀድሞ እንዲህ አልነበረችም። እናቴ 6 ዓመት ከእኛ ጋር ስትኖር አማርኛውንም ጸሎቱንም ያስተማረቻት እሷ ናት፤ ወደ ደሴ ከተመለሰች በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ያወሩ ነበር። ባለፈው ሚያዝያ መጀመሪያ እናቴ ዐረፈች። ልጅቷ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ስለነበረባት ለጊዜው ደበቅናት፤ ሰኔ ላይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት ሴትዮ አምልጧት ነገረቻት። ባለቤቴ «ተዋት» ትላለች፤ እኔ ግን በአማርኛ እስክትመልስ ድረስ ስልኳን ወስጄባታለሁ። የባለሙያ ቃል ትሰማ ይሆናልና እባክዎን ጥናቶቹን ጠቅሰው ደብዳቤ ይጻፉላት።

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ስለ ልጅዎ መጨነቅዎን ከየመስመሩ አይቻለሁ። ለልጁ ሲል ጥናት ፈልጎ የሚያነብ አባት በየቀኑ አይገጥመኝምና በመጀመሪያ ስላነበቡት ነገር ልነጋገርዎ እወዳለሁ።

በሃይማኖት ስላደጉ ልጆች የጻፉልኝ፣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት ይመስለኛል። ከ5 ሺህ በላይ ታዳጊዎችን ከ8 እስከ 14 ለሚደርሱ ዓመታት ተከታትለው፣ በልጅነታቸው ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ወደ አምልኮ ስፍራ ይሄዱ የነበሩት፣ ጨርሶ ከማይሄዱት ይልቅ በወጣትነታቸው ደስተኛ ነኝ የማለት ዕድላቸው በ18 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ፣ አደንዛዥ ዕፅ የመጠቀም ዕድላቸው ደግሞ በ33 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ አግኝተውታል። ሆኖም የተጠኑት ልጆች እናቶቻቸው ነርሶች የሆኑ፣ አብዛኞቹም ነጮችና ኑሯቸው የተደላደለ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። ውጤቱ የብዙ ሰዎች አማካይ ስለሆነ በግድ ከመኪና የወረደች አንዲት ልጅ ምን እንደምትሆን አይነግረንም።

ስለ ቋንቋ ያነበቡትም መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1992 በሳንዲያጎና በደቡብ ፍሎሪዳ በተጀመረ ሰፊ ጥናት ከ5 ሺህ በላይ የስደተኛ ልጆች ተጠይቀው ነበር፤ እንግሊዝኛውንም የወላጆቻቸውንም ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩት ከወላጆቻቸው ጋር የሚጋጩት በአነስተኛ መጠን እንደሆነ ታይቷል። ይሁን እንጂ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ያቀራረባቸው ቋንቋው ነው ወይስ ቋንቋውን ያቆየው መቀራረባቸው? እርስዎ የመጀመሪያውን መልስ ይዘው ተነሥተዋል። እኔ በምክር ክፍሌ የማየው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ነው፤ ልጅ ከሚወደው ሰው ጋር የሚያወራበትን ቋንቋ አይጥልም።

ከእነዚህ ጎን ሌላም ማንበብ የሚገባዎ ጥናት አለ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ቬርን ቤንግትሰን እ.ኤ.አ. ከ1970 ገደማ ጀምሮ ከ350 በላይ ቤተሰቦችን እስከ አራት ትውልድ ድረስ ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋል። እምነት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያልፍበትን መንገድ ሲመረምሩ ያገኙት፣ የወላጁ ትጋትና ምሳሌነት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። ልጁ ወላጁን ምን ያህል ቅርብና ሞቅ ያለ ሰው አድርጎ ያየዋል የሚለው ትልቅ ክብደት ነበረው፤ የአባት ቅርበት ደግሞ በተለይ። አባቱ የራቀውን ልጅ የአባቱ መንፈሳዊ ቅንዓት አልያዘውም። አያቶች የሚሠሩት ሥራ ከተለምዷዊ ግምት በላይ እንደሆነም በዚሁ ጥናት ታይቷል። ይህን የምነግርዎ በጥናት ላይ ጥናት ልደርብብዎ አይደለም፤ በእርስዎ ቤት ቋንቋውንም እምነቱንም የሚያስተላልፉት ሰው ማን እንደነበሩ እርስዎ ራስዎ ስለጻፉልኝ ነው።

ደብዳቤዎን ስመረምር ሁለት የወር ስሞችን አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው። በመግቢያዎ ላይ ልጅዎ በአማርኛ መመለስ ያቆመችው «ካለፈው ሐምሌ ወዲህ» እንደሆነ ጽፈዋል። ዝቅ ብለው ደግሞ የአያቷን ሞት የሰማችው «ሰኔ ላይ» መሆኑን ይገልጻሉ። በመካከላቸው ሌላ ብዙ ነገር ስለገባ የተያያዙ አይመስሉም፤ በልጅቷ ዘንድ ግን የሚለያዩት በጥቂት ሳምንታት ነው። ማን ነገራት? ዕድሜ ልኳን የምታውቀው ቤተሰቧ ሳይሆን አንዲት ሴትዮ። የት? ዛሬ አልገባም በምትለው ቤተ ክርስቲያን። በምን ቋንቋ? የሴትዮዋን ቃል አልሰማሁም፤ ነገር ግን «እግዚአብሔር ያጥናሽ» በእንግሊዝኛ ይነገራል ብዬ አላስብም።

ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ቅዳሜዎች ልጅዎ «እማማን ደውሉልኝ» ስትል ምን እንደተባለች አልጻፉልኝም። ምናልባት «ኔትወርክ የለም»፣ ምናልባት «ደክሟት ተኝታለች» ተብላ ይሆናል። ምንም ተባለች ምን፣ የተባለችው በአማርኛ ነው፤ ከጓዳ በሹክሹክታ ስትወያዩም፣ እሷ ስትገባ ዝም ስትሉም ያው በአማርኛ ነበር። አርባቸውም የወጣው እሷ ሳታውቅ መሆን አለበት። እንግዲህ ከአያቷ ጋር ብቻ የምትሞቅበት ቋንቋ፣ አያቷ መሞታቸው የተሸሸገባት ቋንቋ ሆኖ ተገኘ። ይህች ልጅ አማርኛን ስለናቀች አትናገርም የሚለውን የእርስዎን ትርጓሜ ለመቀበል የከበደኝ ለዚህ ነው። በእኔ ግምት ዝምታዋ ወደ ለቅሶ ይቀርባል፤ ቁጣም አለበት። ግምት መሆኑን እደግማለሁ፤ እሷን አላነጋገርኳትም።

ሐሳባችሁ ክፉ እንዳልነበረ አውቃለሁ። መርዶን ማዘግየት የአገራችን ልማድ ነው፤ ጥበብም አለበት። በአገር ቤት መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያስታውሱ፦ ዘመድ ወዳጅ ተጠራርቶ፣ ብዙውን ጊዜ ማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ ሳለ ነው የሚረዳው። ወሬው ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ሳምንት የሚታፈነው ሰዎቹ እስኪሰበሰቡ ነው። የመደበቁ ዓላማ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማ ነው። እናንተ ከልማዱ መደበቁን ወሰዳችሁ፤ መሰብሰቡ ግን ቀረ። ልጅዎ መርዶዋን የሰማችው በሰው መካከል ብቻዋን ሆና ነው። ከዚያ በኋላ ድንኳን አልተተከለላትም፤ ሐዘን አልተቀመጠችም፤ «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ» ብሎ የጠየቃት የለም። በእኛ ባህል ሐዘንተኛ እንዲህ አይተውም፤ ልጅ ስለሆነች ብቻ ሐዘንተኛ ሳትባል ቀረች። (ይህ በእናንተ ቤት ብቻ የሆነ እንዳይመስልዎ። በውጭ አገር የምናሳድጋቸው ልጆች ለደስታ ቀን ይጠራሉ፤ ለቅሶ ላይ ግን ፎቅ ላይ ሆነው ፊልም እንዲያዩ ይደረጋሉ።)

በሐዘን ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች በሰፊው የሚስማሙበት ነገር፣ ልጆች እውነቱን በዕድሜያቸው ልክ፣ በጊዜውና ከቅርብ ሰው አንደበት ሲሰሙ ሐዘኑን የተሻለ እንደሚሸከሙት ነው። ሲደበቁ የሚጎዱት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሰውየውንም ያጣሉ፣ በቀሩትም ላይ ያላቸው እምነት ይላላል። እምነት የሚለውን ቃል በሁለቱም ትርጉሙ ልጠቀምበት። በቤተሰቦቿ ላይ እምነት ያጣች ልጅ፣ ቤተሰቦቿ የሚያምኑበትን ነገር ለጊዜው ብታርቀው አይግረምዎ፤ ከእግዚአብሔር የተጣላች ላይሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወደ እርስዎ ልመለስ። የእናትዎን ሞት የጻፉት በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ለጥናቶቹ ከዚያ የሚበልጥ ቦታ ሰጥተዋል። ለቀብር ደርሰው እንደሆነ፣ ከባሕር ማዶ ሆነው በስልክ ሰምተው ቀርተው እንደሆነ አልነገሩኝም። ለሁለት ወር ያህልም ልጅቷ እንዳታይ ፊትዎን ደረቅ አድርገው ኖረዋል ማለት ነው፤ ይህ እናቱን ላጣ ሰው ቀላል አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ከሞተው ሰው የቀረውን ነገር ቤት ውስጥ አጥብቀን እንይዛለን፤ እናትዎ በልጅዎ አንደበት ላይ የተዉት አማርኛና ጸሎት ሲጠፋ እናትዎ ዳግመኛ የሞቱ መስሎ ተሰምቶዎት ይሆን? ከሆነ፣ እርስዎም ልጅዎም የምታዝኑት ለአንድ ሰው ነው፤ እርስዎ «ተናገሪ» እያሉ፣ እሷም ዝም እያለች። ባለቤትዎ «ተዋት» ማለታቸውን እንደ ቸልተኝነት ያዩት ይመስላል፤ እኔ ግን እሳቸው ያዩትን ነገር ተቀምጠው እንዲጠይቋቸው እመክራለሁ።

ምን ላድርግ ቢሉኝ፣ በሩቅ ሆኜ የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ሙሉም አይደለም። ስልኳን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ይመልሱላት፤ የአያቷ ድምፅ የተቀዳበት እንደሆነስ ማን ያውቃል? ከዚያ ይቅርታ ይጠይቋት። «ሰኔ ላይ የሰማሽበት መንገድ ትክክል አልነበረም፤ ልነግርሽ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ» ማለት ይበቃል። ምክንያት አይደርድሩ፤ ስለ አማርኛና ስለ እሑድ በዚያ ቀን አያንሡ። በእንግሊዝኛ ብትመልስልዎ በእንግሊዝኛዋ ይስሟት። እየሰማች የማትናገር ልጅ ቋንቋው አልጠፋባትም፤ አፏን ዘጋች እንጂ ጆሮዋ ክፍት ነውና እርስዎ አማርኛዎን ሳያቋርጡ መናገር ይችላሉ።

የእናትዎ ሙት ዓመት በሚቀጥለው ሚያዝያ ይውላል። ቤተሰቡ ሲያስባቸው ልጅዎ ከእንግዳ እንደ አንዱ ሳትሆን ከሐዘንተኞቹ እንደ አንዷ ብትቆጠር፣ ፎቶ መምረጥ ወይም ጥቂት ቃል መናገር ብትፈልግ በመረጠችው ቋንቋ ቢፈቀድላት መልካም ነው። እምቢ ካለችም አይጫኗት፤ ሦስት ወር የፈጀ ዝምታ በአንድ ምሽት አይፈታም፤ የእሷ ደግሞ ከዚያም ረዝሟል።

ይህን ሁሉ ለብቻችሁ እንድትወጡት አልመክርም። በአካባቢያችሁ ከቤተሰብ ጋር የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈልጋችሁ ሦስታችሁ ፊት ለፊት ብትቀመጡ፣ እኔ ከአንድ ወረቀት ከገመትኩት እጅግ የሚበልጥ ነገር ይወጣል። አማርኛም እንግሊዝኛም የሚችል ቢገኝ ይመረጣል፤ ካልተገኘ ግን ልጅቷ የምትመርጠው ቋንቋ ይቅደም። የትምህርት ቤቷ አማካሪም መነሻ ሊሆን ይችላል። እንቅልፏ ወይም ምግቧ ከተዛባ፣ ከጓደኞቿ ጨርሳ ከራቀች፣ መኖር እንደሰለቻት የሚጠቁም ነገር ከተናገረች ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በአሜሪካ በ988 ቀንም ሌሊትም ደውሎ ባለሙያ ማነጋገር ይቻላል።

ጥናቶቹን ጠቅሼ ደብዳቤ እንድጽፍላት የጠየቁኝን አልፈጽምም። በዚህ ዓመት ስለ እሷ ከእሷ ጀርባ በቂ ተነጋግረንባታል። ይህን መልሴን ሊያሳዩዋት ከወደዱ ግን ይቅርታው ከተጠየቀ በኋላ ይሁን፤ ስለ ሐምሌና ስለ ሰኔ የጻፍኩት የተሳሳተ ከሆነም እንድታርመኝ ይንገሩልኝ። በፈለገችው ቋንቋ ልትጽፍልኝ ትችላለች።