የድሮ ዘመን ሴት መርማሪ ተረት ናት እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ከባህር ዳር ነኝ። ሰሞኑን ማታ ማታ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ቀለል ያለ የመርማሪ ልቦለድ እያነበብኩ ነው፣ ታሪኩ የድሮዋ አሜሪካ ውስጥ ነው፣ መርማሪዋ ሴት ናት፣ ሳቄ እያመለጠኝ ጀልባ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ወንድሜ ግን "በዛ ዘመን ደሞ ምን ሴት መርማሪ አለ፣ ዝም ብሎ ፈጠራ ነው" ብሎ አናደደኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ተሸንፏልና ማኪያቶ ይጋብዝሽ። ኬት ዋርን የምትባል ባሏ የሞተባት ወጣት በ1856 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ፒንከርተን የምርመራ ድርጅት ሄዳ ስራ ጠየቀች፣ አለቃው ለጸሐፊነት የመጣች መስሎት ነበር አሉ፣ እሷ ግን ወንድ የማይደርስበት ቦታ ሴት ገብታ ሚስጥር ታወጣለች ብላ አሳመነችው (እኛስ ጋ የሰፈሩ ጉድ የሚወጣው ቡና ላይ አይደል?)። በ1861 ደሞ አዲስ የተመረጠውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊንከንን ባልቲሞር ከተማ ላይ ሊገድሉት አሲረዋል ሲባል፣ በሌሊት ባቡር የታመመ ወንድሟ አስመስላ ካሳለፉት አንዷ እሷ ናት። ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ፖሊስ ከገባችበት ግን ያኔ ጠርጥሪ፣ የለንደን ፖሊስ እንኳ ሴቶችን ያሰማራው በ1919 ነው። የገጸ ባህሪዎቹ ወሬ የዛሬ ልጅ ወሬ ከመሰለሽ እለፊው፣ ለሳቅ ነው የተጻፈው።