ቡጢዬ ለምን አይከብድም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን አዘጋጆች። 22 ዓመቴ ነው፣ 60 ኪሎ ነኝ፣ ቦክስ ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፣ በአማተር 4 ጊዜ ተጋጥሜያለሁ። ጂም ገብቼ ቤንች ፕሬስና (ተጋድሞ ክብደት ወደ ላይ መግፋት) ሾልደር ፕሬስ (ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት) በደንብ እሰራለሁ፣ ትከሻዬ አድጓል የማነሳው ኪሎም ጨምሯል፣ ቡጢዬ ግን ያው ነው፣ ፓድ (ቡጢ የምለማመድበትን ትራስ) የሚይዝልኝ ልጅ ራሱ ለውጥ የለውም ይለኛል። ሶስተኛው ራውንድ ላይ እጄ ይወርዳል፣ ጃብ (በፊት እጅ የሚሰነዘር ቀጥታ ቡጢ) ሰድጄ ስስት ደሞ ግራ ትከሻዬን ከፊት በኩል ወጋ ያደርገኛል። ጓደኞቼ በየእጅህ 3 ኪሎ ዳምቤል ይዘህ ሻዶ (ያለ ተጋጣሚ አየር ላይ ቡጢ መሰንዘር) ስራ እያሉኝ ነው፣ ልጀምር?

መልስ፦ አትጀምር ወንድሜ። ዳምቤል የሚጎትትህ ወደ ታች ነው፣ ቡጢህ የሚሄደው ግን ወደ ፊት ነው፣ ስለዚ የምታደክመው እጅህን ከፍ አድርጎ የሚይዘውን ጡንቻ እንጂ ቡጢውን የሚወረውረውን አይደለም። በዛ ላይ እጅህ በዝግታ መሄድ ይለምዳል፣ አሁን ወጋ የሚያደርግህ ቦታ ላይም ጫና ይጨምርብሃል።

ቡጢህ ለምን አልከበደም ላልከው፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የሶቪየት ተመራማሪዎች የቦክሰኞችን ቀጥታ ቡጢ ለክተው ያገኙት ነገር አለ፣ እኔ ለማሰለጥናቸው ልጆች ሁሌ እነግራቸዋለሁ። ከፍተኛ ደረጃ ላይ ያሉት ቦክሰኞች ከቡጢያቸው ሃይል 38 በመቶ አካባቢውን የሚያመጡት መሬቱን በእግራቸው በመግፋት ነው፣ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያሉት ግን ከእግር የሚያገኙት 17 በመቶ እንኳን አይሞላም፣ የጎደለውን በክንድ ሊሞሉት ይታገላሉ። እንግዲህ ያንተ ትከሻ ይሄን ነው እያደረገ ያለው፣ የእግርና የወገብን ስራ ብቻውን ተሸክሟል። ትከሻ ከታች የመጣውን ሃይል ሳያፈስ ወደ እጅ የሚያሻግር ድልድይ ነው፣ ሞተሩ ታች ነው።

ደሞ ጠንካራ መሆንና ፓወር መለያየት አለባቸው። ፓወር ማለት ሃይል ሲባዛ በፍጥነት ነው። ከባድ ቤንች ፕሬስ ስትገፋ ሰከንድም ሁለት ሰከንድም ይፈጅብሃል፣ ቡጢ ግን ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፣ ጡንቻህ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሳይጨርስ እጅህ ደርሷል ማለት ነው። ስለዚ ክብደት ማንሳቱ ጥሩ መሰረት ነው እሺ፣ ግን ያንን ጉልበት በፍጥነት ማውጣት ለብቻው መሰልጠን አለበት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፣ ህመምህ። ቡጢህ ሲያርፍ እጅህን የሚያቆመው የተመታው ነገር ነው፣ ስትስት ግን የሚያቆመው ማነው? ከትከሻህ ጀርባ ያሉ ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው፣ «ሮታተር ከፍ» (rotator cuff) ከሚባሉት የትከሻ መገጣጠሚያን ከሚይዙ 4 ጡንቻዎች ክንድን ወደ ውጪ የሚያዞሩት። ፍሬን ናቸው በለው። ወደ ውስጥ የሚያዞሩት ደረትና ትልቁ የጀርባ ጡንቻ በተፈጥሯቸው በጣም ይበልጧቸዋል፣ ብዙ ባለሙያዎች የሚሉት ወደ ውጪ የሚያዞረው ጉልበት ቢያንስ ወደ ውስጥ ከሚያዞረው ሁለት ሶስተኛ ይሁን ነው። አንተ ደግሞ ዓመት ሙሉ ስትገፋ ብቻ ከርመሃል፣ ሞተሩን እያሳደግክ ፍሬኑን ረስተኸዋል፣ በሳትክ ቁጥር የሚወጋህም ከዚህ ሊሆን ይችላል ብዬ ነው የምጠረጥረው።

ምን ትሰራ፣ በሳምንት 2 ቀን ሳይደክምህ መጀመሪያ ላይ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜዲሲን ቦል (ከባድ የስፖርት ኳስ) ይዘህ በቦክስ አቋምህ ቆመህ የኋላ እግርህን እየገፋህ ወገብህን እያዞርክ ግድግዳ ላይ ወርውር፣ በየጎኑ 5 ጊዜ ብቻ፣ 4 ዙር፣ በመሃል 2 ደቂቃ እረፍ። እረፍቱን አትቁረጥ፣ ስትደክም የምትወረውረው ፓወር አይገነባም። ለገፋኸው ሁሉ ቢያንስ እኩል ጎትት፣ ሮዊንግ (ክብደት ወደ ራስህ መጎተት) በለው ፑል አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ መነሳት) በለው። ከዛ ላስቲክ ይዘህ ክርንህን ጎንህ ላይ አጣብቀህ ክንድህን ወደ ውጪ አዙር፣ 15 ጊዜ 3 ዙር፣ ስትመልሰው ቀስ ብለህ መልስ ምክንያቱም ፍሬኑ የሚሰለጥነው በመመለሱ ነው። ሾልደር ፕሬሱን ለጊዜው ተወው።

እጅህ መውረዱን በተመለከተ፣ ከብብትህ በታች ጎድንህ ላይ ያለው ሴራተስ የሚባለው ጡንቻ የቦክሰኛ ጡንቻ ይሉታል፣ የትከሻህን ጠፍጣፋ አጥንት ወደ ፊት ስቦ ቡጢህን የሚያስረዝምልህ እሱ ነው፣ እሱ ሲደክም እጅህን ከፍ አድርጎ መያዝም ይከብድሃል። ፑሽአፕ ስትሰራ ላይ ከደረስክ በኋላ ክርንህን ሳታጥፍ መሬቱን ትንሽ ተጨማሪ ግፋ፣ በቃ እሱ ይሰራል። ግን ብዙ ጊዜ ያየሁት ችግር ድክመት ሳይሆን መወጠር ነው፣ ልጆች በቡጢዎች መሃል ትከሻቸውን ጆሯቸው ድረስ አንስተው 3 ደቂቃ ሙሉ እንደጨበጡ ይቆያሉ። ፍታው፣ አየር አውጣ፣ ቡጢህ የሚያርፍበት ቅጽበት ላይ ብቻ ጨብጥ።

ህመሙ 2 ሳምንት ካለፈ፣ ማታ ስትተኛበት ካላስተኛህ፣ እጅህን ማንሳት ካቃተህ፣ ከደነዘዘህ ወይም ትከሻህ የሚወልቅ ከመሰለህ ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) አቁምና ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሂድ። ማስታገሻ ውጠህ እንዳትጋጠም እባክህ፣ በዚህ መንገድ ትከሻቸውን ያጡ ጎበዝ ልጆች አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ 54 ኪሎ ነው የምጋጠመው፣ የትከሻ ስፖርት ብሰራ ከብጄ ከኪሎዬ እንዳልወጣ ፈራሁ።

መልስ፦ አትፍሪ እህቴ። ጡንቻን ብዙ የሚያሳድገው ብዙ ዙር ብዙ ድግግሞሽና ብዙ መብላት ሲገናኙ ነው። ከ3 እስከ 5 ድግግሞሽ ከበድ አድርገሽ በቂ እረፍት እየወሰድሽ ከሰራሽ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምታገኚው ጉልበት በአብዛኛው ነርቭሽ ጡንቻሽን አሟልቶ ማዘዝ ስለሚለምድ ነው፣ ሚዛን ላይ ብዙም አይታይም። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ጠዋት ሳትበዪ ተመዘኚ፣ ግጥሚያ ሲቀርብ ደሞ ዙሩን ቀንሺ እንጂ ፍጥነቱን አትቀንሺ።