ስለ «ጌት» ለጠየቅሽው እህቴ፦ ሁሉንም አትሸምድጂ

አብሽሪ እህቴ። «ለሥራ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው፤ ጌት የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ መዝገበ ቃላት ላይ ሳየው ትርጉሙ ገጹን ሞላው፤ ግራ ገባኝ፤ ሁሉንም ልሸምድደው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በፍጹም እንዳትሸምድጂ። እኔ ሸምድጄ ነበር፤ የ15 ቀን ደሞዜን አስከፍሎኛል።

1. መጀመሪያ «ግራ ገባኝ» ያልሽውን ራሱን እይው። «ገባ» ምን ማለት ነው? ቤት ገባ፣ ዕቁብ ገባ፣ ቃል ገባ፣ ጀምበር ገባች፣ ትምህርቱ ገባኝ። ይህን በዝርዝር ያጠና የደሴ ልጅ አላውቅም። አጠገቡ ያለው ቃል ነው ትርጉሙን የሚነግረን። ጌትም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ አንቺ ከኋላው የሚመጣውን ማየት አለብሽ። «ጌት ኤ ሌተር» ካለ ደብዳቤ ማግኘት ነው። «ጌት ታየርድ» ካለ መድከም ነው። «ጌት ሆም» ካለ ቤት መግባት ነው። «ጌት ሪድ ኦፍ» ካለ ደግሞ ማስወገድ ነው፤ እሱን እንዳለ ያዢው።

2. ሥሩን እወቂ። ቃሉ ከቫይኪንጎች የመጣ ነው። ከሰሜን አውሮፓ በመርከብ መጥተው መጀመሪያ እንግሊዝን ዘረፉ፣ በኋላ ሰሜንና ምሥራቁ ላይ ሰፈሩ። ቋንቋቸው የድሮ ኖርስ ይባላል፤ ቃሉም በእነሱ አፍ «ጌታ» ነበር። ከእኛ ጌታ ጋር ዝምድና የለውም፤ ድምፁ ብቻ ነው የገጠመው። ትርጉሙ ማግኘት፣ እጅ ማስገባት ነው። እንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ መታየት የጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1200 ገደማ ነው። ቴክ (ወሰደ)፣ ኤግ (እንቁላል)፣ ስካይ (ሰማይ)፣ ሌላው ቀርቶ ዘይ (እነሱ) እንኳን የእነሱ ስጦታ ናቸው። ፎርጌት ግን ከእነሱ በፊት እንግሊዝኛ ውስጥ የነበረ ዘመዱ ነው። የያዙት ነገር ከእጅ ሲያመልጥ፣ መርሳት ማለት ይኸው አይደል? እኔ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ፎርጌትን ስጽፍ ፊደል ስቼ አላውቅም።

3. አሁን እኔ የተቃጠልኩበት። ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የውጭ አገር ሰው የሆነው አለቃችን ሰኞ ማታ በቴሌግራም አንድ መስመር ላከልኝ፦ «ጌት ዘ ሌብልስ ቼንጅድ ባይ ተርስዴይ»። ሌብል ሸሚዝ አንገት ላይ የሚሰፋው ምልክት ነው። እኔ ጌትን «አገኘ፣ ተቀበለ» ብዬ ነው የሸመደድኩት። ስለዚህ «የተቀየሩት ሌብሎች እስከ ሐሙስ ይደርሱሃል» ብዬ ተረዳሁት። ጠበቅኩ። ማክሰኞ የለም። ረቡዕ የለም። ሐሙስ ጠዋት መጥቶ «ተቀየረ?» ሲለኝ ነው እግሬ የራደው።

ለካ «እስከ ሐሙስ ሌብሉን አስቀይር» ማለቱ ነበር። 52 ካርቶን ሸሚዝ አሮጌው ሌብል እንዳለበት ተቆልሏል። ሌብሉ የአንገቱ ስፌት ውስጥ ስለገባ ተቀዶ አይወጣም፤ ስፌቱ በመቀስ ጫፍ ክር በክር ይፈታል። ሦስት ሴቶች ከእኔ ጋር እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ፈቱ። ውለታቸውን አልረሳም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ደሞዜ ተቆረጠ። ግን አንድም ሰው «ይህ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ነው የሚነበበው» ብሎ አላስረዳኝም። ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

እህቴ፣ ይህን በደንብ ያዢው። ጌት፣ ቀጥሎ ዕቃው፣ ቀጥሎ ቼንጅድን የመሰለ የተደረገ ግስ ከመጣ፣ ጌት ማለት የእኛ «አስ» ነው። ቀየረ፣ አስቀየረ። አጠበ፣ አሳጠበ። «ጌት ዘ ካር ዎሽድ» መኪናውን አሳጥብ ነው። እንግሊዝኛው በሁለት ሦስት ቃል የሚለውን እኛ በአንድ ቃል ጨርሰነዋል። አማርኛሽን ካወቅሽ ግማሹን ታውቂዋለሽ ማለት ነው።

4 ብዬ ስለ ጌት ያለፈ ጊዜ መልኮች፣ ስለ ጎትና ጎትን፣ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ይህኛው እስካሁን ያበሽቀኛል። በኋላ ለሌላ ሥራ አንድ መሥሪያ ቤት ደሴ ላይ ተፈተንኩ። «ሃድ ጎትን» ብዬ የጻፍኩትን በቀይ ሰርዘውታል። ልጠይቅ መስኮቱ ጋ ስደርስ ሰውየው ቀና እንኳ ሳይል «ጎትን የሚባል ቃል የለም። ቀጣይ!» አለኝ። አለ! አሜሪካኖች ዛሬም የሚሉት ነው። እንግሊዞችም ድሮ ይሉት ነበር፤ እነሱ ተዉት፣ ባሕር የተሻገሩት ይዘውት ቀሩ። ፎርጎትን ላይማ ሁለቱም ዘንድ አለ። አንቺ ግን ፈተና ላይ ጎት ብለሽ ጻፊ፤ ከመስኮት ጋር ክርክር አያዋጣም።

ከዚያ የሌብል ሌሊት በኋላ ደብተር ገዝቼ ጌትን ባገኘሁ ቁጥር ሙሉውን ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ ደግሞ በአማርኛ እንዴት እንደምንለው ጻፍኩ። አሁን 140 ደርሷል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የአለቃዬ መልእክት ነው። ፈተናሽ መቼ እንደሆነ ጻፊልኝና ገጾቹን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።