እንቁላሉ የአሥር ቀን ታሪክ ነው

እህቴ፣ «እንቁላል የሚጥሉ አጥቢ እንስሳት እንደ ዶሮ ጎጆ ሠርተው ይታቀፋሉ ወይ? በዱር ሲኖሩስ ማየት ይቻላል?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ አውስትራሊያ በኖርኩባቸው ዓመታት ካየሁትና እዚያው ካወቅኩት ልመልስልሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

በመጀመሪያ ዶሮዋን እርሺያት። እንቁላል ከሚጥሉ አጥቢዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት አምስት ዝርያዎች ብቻ ናቸው፤ የዳክዬ ዓይነት መንቁር ያለው የወንዝ እንስሳ ፕላቲፐስ፣ እሾሃሙ ባለ አጭር መንቁር ኢኪድናና በኒው ጊኒ ደሴት የሚኖሩ ሦስት ባለ ረጅም መንቁር ኢኪድናዎች። አንዳቸውም በግላጭ ተቀምጠው አይታቀፉም።

ፕላቲፐስን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በኩዊንስላንድ፣ በዩንጌላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሚፈሰው ብሮክን ወንዝ ነው። ገና ሳይነጋ ሄጄ ከመመልከቻው ላይ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ያየሁት ተንሳፋፊ ቅጠልና የውሃ ኤሊ ነበር። ብርዱ አንገፍግፎኝ ልመለስ ስል ከወንዙ ወለል ትንንሽ አረፋ ተከታትሎ ወጣ፤ ወዲያው ቡናማ ጀርባ ብቅ አለ። በሥዕል ሳየው ውሻ የሚያክል ይመስለኝ ነበር፤ ድመት እንኳን አያክልም። ጉንጩን ግራና ቀኝ እያላመጠ ጥቂት ተንሳፈፈና ጀርባውን ቆልምሞ ሰጠመ።

ያ ማላመጥ ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፕላቲፐስ ከሥር የለቀመውን ትልና የነፍሳት እጭ በጉንጩ ከረጢት አጭቆ ይወጣና ላይ ሆኖ ይፈጨዋል። ካደገ በኋላ ጥርስ የለውም፤ የሚፈጭበት እንደ ቀንድ የጠነከረ ድድ ነው። ታች ሳለ ዓይኑም ጆሮውም አፍንጫውም ድፍን ነው። ታዲያ በምን ያድናል? ለስላሳው መንቁሩ ላይ ወደ 40,000 የሚጠጉ ኤሌክትሪክ የሚለዩ ሕዋሳት አሉ። ትሏ ጡንቻዋን ባንቀሳቀሰች ቁጥር የምታመነጨውን ኢምንት ኤሌክትሪክ ይለቅማሉ።

ወደ እንቁላሉ ልምጣ። እናቲቱ በወንዙ ዳርቻ ረጅም ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ እርጥብ ቅጠል በጭራዋ ጠቅልላ እያስገባች መኝታውን ታነጥፋለች፤ መተላለፊያውንም በየቦታው በአፈር ትደፍነዋለች። የምትጥለው ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። ልጣጩ እንደ ዶሮ እንቁላል አይሰበርም፤ እንደ ቆዳ ይለመጣል። ጥቅልል ብላ በሆዷና በጭራዋ መካከል ታሞቃቸዋለች፤ በአሥር ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ አሥር ቀን ነው! ግልገሎቹ ግን ከዚያ በኋላ ሦስትና አራት ወር እዚያው ጨለማ ውስጥ በወተት ነው የሚያድጉት። እናታቸው የጡት ጫፍ የላትም፤ ወተቱ ከሆዷ ቆዳ እንደ ላብ ይወጣል፣ እነሱም ከዚያው ይመገባሉ። እኔን ቢጠይቁኝ ከእንቁላሉ ይልቅ የሚደንቀው ይህ ነው።

ኢኪድናን ማየት ይቀላል። ታዝማኒያ ውስጥ አንዱን መንገድ ዳር አግኝቼ ቀረብኩት። አልሮጠም። ባለበት መሬቱን ይምስ ጀመር፤ አፈሩ በጎንና በጎኑ እየተገፋ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወረደ። በደቂቃዎች ውስጥ የቀረው የእሾህ ክምር ብቻ ነበር። ብዙ ሰው ጃርት ነው ይላል፤ ዝምድናቸው እሾሁ ላይ ያበቃል። ክረምት ላይ፣ ማለትም እዚያ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ ወንዶቹ አንዷን ሴት ተከትለው ለቀናት ተሰልፈው ሲሄዱ ይታያሉ። እሷ አንድ እንቁላል ብቻ ሆዷ ላይ ባለ ኪስ ውስጥ ትጥላለች፤ እዚህም አሥር ቀን ገደማ ነው። ግልገሉ ለሰባት ሳምንታት ያህል ኪሱ ውስጥ ይቆይና እሾህ ማውጣት ሲጀምር ትገላገለዋለች፤ መቼም ሆድ ላይ እሾህ ማን ይሸከማል? ጉድጓድ ውስጥ ትታው በየአምስት ቀኑ ገደማ እየመጣች ታጠባዋለች። ጡት የሚጥለው በሰባት ወሩ አካባቢ ነው።

ለማየት ካሰብሽ፣ ለፕላቲፐስ ንጋትንና ምሽትን ምረጪ፤ ቆመሽ አረፋውን እንጂ እንስሳውን አትፈልጊ። ብታገኚው ደግሞ በፍጹም እንዳትነኪው። ወንዱ የኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ላይ መርዘኛ እሾህ አለው፤ ሕመሙን ሞርፊን እንኳን አያስታግሰውም።

የኒው ጊኒዎቹን እኔም አላየኋቸውም። ከሦስቱ አንዱ፣ በእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ፊልም አቅራቢ በዴቪድ አተንቦሮ ስም የተሰየመው፣ ሳይንስ የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1961 በተገኘ አንድ ናሙና ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 አሳሾች እዚያው ኒው ጊኒ ባሉት ሳይክሎፕስ ተራሮች ላይ ካሜራ ጠምደው ለሳምንታት ጠበቁ፤ እንስሳው የተገኘው በጉዞው መጨረሻ ቀን፣ በመጨረሻው የካሜራ ካርድ ላይ ነው።